ያለ አስተርጓሚ የምታዪው ፊልም

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ያ ውጋት ተሻለሽ? ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያልሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ነው የምትወጪው? ዓይንሽስ እንዴት ነው? መነጽሩን በእርግጥ ታደርጊዋለሽ ወይስ በጨርቅ ጠቅልለሽ መሳቢያ ውስጥ ደብቀሽዋል? የዓይንሽን ነገር የምጠይቅሽ ለወግ ያህል አይደለም፤ ዘንድሮ ዓይንሽን ለትልቅ ጉዳይ ፈልጌዋለሁ። ጆሮሽን አልጠይቅሽም፤ እሱን ፋብሪካው ከወሰደብሽ ስንት ዘመኑ።

ወንድሜስ ደህና ነው? ሚስቱስ? ትንሿ የወንድሜ ልጅ የረገፉት የፊት ጥርሶቿ በቀሉላት? የማሽን ጓደኛሽ እትዬ መወርወሪያስ እንዴት ናቸው? አሁንም እንደ ስማቸው ከቤታቸው ቤትሽ፣ ከቤትሽ ቤታቸው ሲወረወሩ ይውላሉ? ሁላችሁንም በየተራ መጨረሻ ላይ እመጣባችኋለሁ፤ አሁን ግን ወሬው አፌ ላይ ደርሶ አላስቀምጥ ስላለኝ ቶሎ ልግባ።

እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም እንዳልልሽ፣ የክፍሌ መስኮት ከተሰበረ ሰንብቷል፤ አከራዬ «ነገ አሠራዋለሁ» እያሉ በካርቶን ሸፍነውልኛል። አቶ ጣልቃም ደህና ነው፤ ወንበሩ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ስጽፍ እያየኝ ነው። እንጨት ደግሞ ምን ይሆናል እንዳትዪኝ! እዚህ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የእሱን ጤንነት ነው። የእኔን የሚጠይቅ የለም። አንዳንዴማ ደሜ ይፈላል፤ ልጄ በአሻንጉሊት ቀናች ብለሽ ለእትዬ መወርወሪያ እንዳታወሪብኝ እንጂ።

ያለፈው ደብዳቤሽ እጄ ከገባ ጀምሮ እረፍት የለኝም። «እሑድ እሑድ ዝግጅትሽ ሲጀምር ሬዲዮው ዙሪያ እንሰበሰባለን» ብለሽ ጻፍሽልኝ። «ወንድምሽ ይስቃል፣ ሚስቱ ትስቃለች፣ ትንሿ ምንጣፉ ላይ ትንከባለላለች። ምን አለች ስለው ‹ቆይ እማዬ› ይለኛል፤ ስቆ ሲጨርስ ግማሹን ረስቶታል። እኔም እነሱን እያየሁ እስቃለሁ» አልሽኝ። አንቺ ይህን የጻፍሽው ለጨዋታ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ወረቀቱን እንደያዝኩ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ እሑድ ጠዋት ሥራውን ትቶ የሚሰማኝን ነገር እናቴ የምታገኘው ከወንድሜ ትርፍራፊ ነው? ወንድሜን አልተቀየምኩትም፤ ሳቅ ሲይዘው ዓይኑ እንደሚጠፋ፣ አፉም እንደሚጣመም አውቃለሁ። በዚያ የተጣመመ አፍ ላይ ማን ምን ያነባል?

ከንፈር የማንበቡን ነገር እዚህ ሳወራው ማንም አያምነኝም። የሽመና ክፍሉ ማሽኖች ሲነሱ እንኳን ሰው መብረቅ ቢወድቅ እንደማይሰማ፣ ሴቶቹ ከማሽን ማሽን በከንፈር ብቻ እንደምታወሩ፣ የማን ልጅ እንደታመመች፣ ካቦው ማንን እንደተጣላ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ሁሉንም ያለ ድምፅ እንደምትጨርሱት ስነግራቸው «ቀልደኛ ነሽ» ይሉኛል። ካቦው ራሱ መሃላችሁ ቆሞ ሲታማ ይውል እንደነበር ስነግራቸውም አላጋነንኩም፤ አንቺ ምስክሬ ነሽ። ጆሮሽ ፈጽሞ ከሄደ በኋላም እኔና አንቺ በዚያው መንገድ ቀጠልን። እያንዳንዷን ቃል በሙሉ አፌ ሠርቼ፣ ፊቴን ወደ ብርሃን አዙሬ፣ ሳልቸኩል ነው ያደግሁት። ሱቅ ስንሄድ ባለሱቁ ያለውን፣ ትምህርት ቤት ስትጠሪ አስተማሪዬ ያሉትን፣ ሁሉንም ወዲያው ዞሬ በከንፈሬ እነግርሽ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያደገች ልጅ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ አሻንጉሊት በማናገር ኑሮዋን ትገፋለች ቢባል ማን ያምናል? እኔም አላምንም ነበር። ታሪኩን በቁርጥራጭ ነው የጻፍኩልሽ፤ ዛሬ በደንብ ልንገርሽ። መጀመሪያ ሬዲዮ ጣቢያው የተቀጠርኩት ስልክ ለማንሳት ነበር። የሚደውለው ሰው የእኔን ቀጭን ድምፅ ሲሰማ «ልጅት፣ ትልቅ ሰው አቅርቢልኝ» ይለኛል። እየቆየ አንገበገበኝና አንድ ቀን ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ «አቤት፣ ትልቅ ሰው መጥቷል» አልኩ። ሰውየው ወዲያው ለስልሶ «ጌታዬ፣ ይቅርታ» ሲለኝ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰኛል! በር የሚከፍቱት አዛውንት፣ ማስታወቂያ ክፍል ያሉት አዛውንት፣ ሥራ አስኪያጁ የሚያማክሯቸው አዛውንት ሁሉ እኔው ነበርኩ።

የእሑዱ ዝግጅት መሪ በዚያ ሲያልፍ ሰማኝ። «እኚያ ነገረኛ ሽማግሌ የታሉ?» ብሎ ጠረጴዛዬ ሥር ሳይቀር ፈለጋቸው። እኔ መሆኔን ሲያውቅ ሳምንት ሳይሞላ ስቱዲዮ አስገባኝ። ለሬዲዮ አሻንጉሊት ምን ያደርጋል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤ እውነትሽን ነው፣ ማንም አያየውም። ግን ብቻዬን ማይክራፎን ፊት ስቀመጥ ድምፁ አልመጣ አለኝ፤ እጄ ባዶ ሲሆን ሽማግሌው ይጠፋል። ስለዚህ ዝግጅት መሪው ሠፈር ውስጥ ወንበር የሚሠራ አናጢ ዘንድ ወስዶኝ አቶ ጣልቃን አሠራልኝ። አገጩ በሲባጎ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሌላ ነገር አይችልም። ስሙን ያገኘው የሰው ወሬ መሃል ጣልቃ ስለሚገባ ነው።

ከንፈሬ ግን ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሁሌም። ድምፁ የሽማግሌ፣ ቃሉ የአቶ ጣልቃ፣ አፉ የእኔ። ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ ይስቁብኛል። ታዲያ ምን ቸገረኝ? በሬዲዮ ከንፈሬን ማን ያየዋል? አድማጩ አቶ ጣልቃ በሕይወት ያለ ሰው እስኪመስለው ድረስ ወዶታል። አንዷ ለብርድ ብላ ሻርፕ ሠርታ ላከችለት፤ ሌላው ለሠርጉ ሲጠራው «እሷን ይዘሃት እንዳትመጣ፣ ቦታ የለንም» ብሎ ጻፈ። ይኸው ነው የእኔ ክብር! ያም ሆኖ ደስተኛ ነበርኩ፤ አንድ ሰው ብቻ እንደማይሰማኝ እያወቅሁ።

ከወራት በፊት ነው አንድ የፊልም ዳይሬክተር ጣቢያው ድረስ የመጣው። ረጅም፣ ቀጭን፣ እያወራሽው በጣቶቹ መስኮት ሠርቶ በመሃላቸው የሚያይሽ ዓይነት ሰው ነው። «አቶ ጣልቃን ለፊልም እፈልገዋለሁ» አለ። «እኔስ?» ልለው አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። ፊልም ሲባል ወዲያው የመጣሽብኝ አንቺ ነሽ፤ ሬዲዮ የዘጋብሽን ዓይንሽ ይከፍተዋል ብዬ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። እማዬ ሲኒማ ቤት ገብታ እኔን ልታይ ነው! የዚያን ዕለት አውቶቡስ ትቼ በእግሬ ነው ወደ ቤት የሄድኩት፤ መቀመጥ አቃተኝ።

ለሙከራ ቀረጻ ተጠራሁ። ስቱዲዮው መጋዘን የነበረ ትልቅ ቤት ነው፤ መሬቱ ላይ ገመድ ብቻ፣ ከላይ መብራት ብቻ፣ ሙቀቱ ምድጃ። ፊት የምትቀባዋ ሴት መጀመሪያ አቶ ጣልቃን ዱቄት ነሰነሰችበትና «ዓይንህን ጨፍንልኝ» አለችው፤ ምን እንዳለች ሲገባት ራሷ በሳቅ ሞተች። ተቀርጸን ስንጨርስ ዳይሬክተሩ አነስተኛ ጨለማ ክፍል አስገብቶ አሳየኝ። ፊቴ ግድግዳውን ሞልቶ መጣ። ኧረ ጉድ ነው እማዬ! አቶ ጣልቃ በተናገረ ቁጥር ከንፈሬ ጡት እንደሚጠባ ሕፃን ይሄዳል። አንድም ቃል አልቀረውም። አንቺ ብትኖሪ ኖሮ አንድ ነገር ሳይቀርሽ ታነቢው ነበር፤ ለፊልሙ ግን ጥፋት ነው።

ዳይሬክተሩ «እህቴ፣ ይህ አሻንጉሊት ማናገር አይደለም፤ ሁለታችሁም በአንድ አፍ ነው የምታወሩት» አለኝ። ከዚያ ያሰበውን ነገረኝ። አንዲት ቆንጆ ተዋናይት አቶ ጣልቃን ታቅፋ ትቀመጣለች፤ እኔ ከሶፋው ጀርባ ተንበርክኬ ድምፅ እሰጣለሁ። ክፍያውም ያው፣ ስሜም ይጻፋል። ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። ልጅሽ ሶፋ ጀርባ ተሸጉጣ፣ አንቺ የሌላ ሰው ልጅ ፊት ስታዪ ቆይተሽ ልትወጪ? «ካሜራው ፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ እኔ ካልተቀመጥኩ አቶ ጣልቃም አይመጣም» አልኩት። በጣቶቹ መሃል አየኝና ዋናው ቀረጻ እስኪጀመር ጊዜ ሰጠኝ። ከንፈሬ እስከዚያ ዝም ካለ ቦታው የእኔ ነው፤ ካላለ ሶፋው ይጠብቀኛል።

እንግዲህ ጥርሴን ነክሼ ጀመርኩ፤ ነገሩ በእውነትም ጥርስ መንከስ ነው። መስታወት ፊት ተቀምጬ፣ ጥርሴን ገጠም፣ ከንፈሬን ገርበብ አድርጌ፣ ቃሉን በምላሴ ብቻ እሠራለሁ። ብዙው ይቻላል። «በ» እና «መ» እና «ፈ» ግን ሞቼ ነው! ከንፈር ካልተንቀሳቀሰ አይወጡም፤ በምላስ ጫፍ ሌላ ድምፅ ሠርተሽ ጆሮን ማታለል አለብሽ። እማዬ ብሎ መጥራት እንኳ ከንፈር ይፈልጋል። አገጬ እስኪቃጠል፣ ሾርባ እንኳ መጠጣት እስኪያቅተኝ ሠራሁ። ልማድ እንዲህ ሥር የሰደደ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ምላሴ «ይበቃኛል» ሲል ከንፈሬ ለአንቺ ሊናገር ይነሳል።

በዚህ መሃል አከራዬን ጉድ አፈላሁባቸው። ክፍሌ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ናት ብዬሽ የለ? አከራዬ ደግሞ አጠገቤ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከክፍሌ የወንድ ድምፅ ሲሰሙ ሰነበቱና አንድ ቀን በሩን በርግደው ገቡ። «ወንድ ማስገባት ክልክል ነው ብዬሽ አልነበረም?» ብለው ቁም ሣጥኑን ከፈቱ፣ መጋረጃውን ገለጡ፣ በካርቶኑ ቀዳዳ ቁልቁል ሳይቀር አዩ። አቶ ጣልቃ ክራቫቱን አስሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ነገሩ ሲገባቸው ኩርፊያቸው ወደ ፍቅር ተለወጠ፤ ይኸው አሁን በመጡ ቁጥር የሚያወሩት ከእሱ ጋር ነው።

አንድ ማለዳ ተሳካልኝ። አቶ ጣልቃ ከዳር እስከ ዳር ሲለፈልፍ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ከንፈሯ ንቅንቅ አላለም። እሰይ ብዬ ልዘል ስነሳ መስታወቱን ደግሜ አየሁትና ቀዝቅዤ ቀረሁ። እናቴ ይህን ፊት ስታይ ምን ታነባለች? ምንም። የእኔን የራሴን መልስ ታነቢያለሽ እንበል፤ የቀልዱ ፍሬ ግን ያለው በአቶ ጣልቃ አፍ ነው፤ የእሱ አፍ ደግሞ ክፍት ክድን ብቻ ነው። ከንፈሬ ከተንቀሳቀሰ ከፊልሙ እወጣለሁ፤ ካልተንቀሳቀሰ አንቺ ሲኒማ ቤት ውስጥ ተቀምጠሽ ዳግመኛ የወንድሜን ፊት እያየሽ ልትስቂ ነው። ያን ለታ አቶ ጣልቃን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። እሱ ምን አጠፋ? ግን የማኮርፈው ሰው ፈለግሁ።

መላው የመጣው ከአከራዬ ጋር ስነታረክ ነው። ስለ መስኮቱ ልነግራቸው ሄጄ «ነገ፣ ነገ» ሲሉኝ፣ እቅፌ ውስጥ የነበረው አቶ ጣልቃ በዚያው በተዘጋ አፌ «ይህ መስኮት ነው ወይስ የካርቶን መደብር?» አለ። ታች የልብስ ሰፊው መኪና እየጮኸ ስለነበር በደንብ አልሰሙትም፤ «ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደንግጬ «ኧረ ምንም! መስኮትዎን የካርቶን መደብር አላለም!» አልኩ። አከራዬ ሆዳቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አፌን በእጄ ይዤ ቆምኩ። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ አንዴ ከንፈሬን ዘግቼ፣ አንዴ ከንፈሬን ከፍቼ! ለሌላው ሰው ቀልዱ ክህደቴ ውስጥ ነው፤ ለአንቺ ደግሞ ያመለጠሽ ቃል ሙሉውን ተመልሶ ይመጣልሻል።

እየሮጥኩ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ። አልተቀበለኝም። «አንድ ቀልድ ሁለት ጊዜ ሲነገር ይሞታል፤ ፊልሙም ይጎተታል» አለኝ። ያን ጊዜ ስለ አንቺ ነገርኩት፤ ፋብሪካውን፣ ጆሮሽን፣ እሑዱን፣ የወንድሜን ሳቅ ሁሉ። ሆዱ ይባባል ብዬ ጠብቄ ነበር። «እናትሽን ያኑርልሽ፤ ግን እህቴ፣ ፊልም ለአንድ ሰው አይሠራም» ብሎ ቡናውን ጠጣ። በዚያ ሰዓት ቡናው ቢያንቀው ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ሰውየው ትክክል ነበር። ሰው ካልሳቀበት ለአንቺም ቢሆን ምን ያደርግልሻል? ብቻ ለምኜ፣ ተነጫንጬ፣ አንድ ትዕይንት እንድሞክር ፈቀደልኝ።

ትዕይንቱ እኔና አቶ ጣልቃ ክፍል ልንከራይ ስንሄድ ነው። ባለቤቱን የሚጫወተው ወፍራም፣ ኮስታራ ተዋናይ ነው። ክፍሏን ከፍቶ ሲያሳየን አቶ ጣልቃ «ቁም ሣጥኑ ይህ ከሆነ ክፍሉ የቱ ነው?» ይላል። ሰውየው ይኮሳተራል። እኔ ፊቴን ወደ ካሜራው አድርጌ፣ ሳልቸኩል፣ «ጌታዬ፣ ክፍልዎን ቁም ሣጥን አላለም፤ ከየት አምጥቶት!» አልኩ። አቶ ጣልቃ ቀጠለ፤ «በሩ ሲዘጋ የእሷ አፍንጫ ውጭ ይቀራል» አለ። እኔም «አፍንጫዬ ውጭ ይቀራል አላለም! ደግሞስ አፍንጫዬ ምን ሆነ?» ብዬ ዞርኩበት። ኮስታራው ተዋናይ ፊቱን ሊይዝ ታገለ፣ ታገለና በሳቅ ፈነዳ። መሰላል ላይ የነበረው የመብራት ሠራተኛ ሲስቅ መብራቱ አብሮት ተንቀጠቀጠ፤ ቀረጻው ተበላሸ። ዳይሬክተሩ የመብራቱን ሠራተኛ ተቆጣው። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ «ድገሙት፤ እንደዚያው» አለ። በማግስቱ ጽሑፉ ሁሉ ታርሞ መጣ፤ በየገጹ «አላለም!» የሚል ተጨምሮበታል።

ተጨርሷል እማዬ! ካሜራው ፊት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከንፈሬም አቶ ጣልቃ ሲናገር ዝም፣ እኔ ስናገር እንደ ሽመና ክፍል ሴት ወለል ብሎ ይናገራል። ባለፈው ሳምንት ፊልሙን የሚያጫውቱትን አዛውንት ለምኜ ብቻዬን አየሁት፤ ድምፁን እንዲያጠፉልኝ ጠየቅኋቸው። «ድምፅ የሌለው የአሻንጉሊት ፊልም ምን ይባላል?» ብለው እያጉረመረሙ አጠፉልኝ። ባዶው አዳራሽ መሃል ተቀምጬ እንደ አንቺ ሆኜ ልየው አልኩ። ሁሉም ገባኝ፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ወጥቼ መንገድ ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቃሉን ሁሉ እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ! ታዲያ ላይገባኝ ነው እንዴ? ስለዚህ ይደርስሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ከአንቺ በስተቀር።

አንድ ቦታ ብቻ እንደማታነቢ አውቃለሁ። ባቡር ጣቢያው ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምሄደው፤ እንደገና ይቀረጽልኝ ብዬ ነበር፣ ባቡሩን ለአንድ ቀን ብቻ ስለተከራዩት ሳይሆን ቀረ። እዚያ ትኬት ቆራጩ «አሻንጉሊቱ ዕቃ ነውና ዕቃ መጫኛ ይግባ» ይለናል። አቶ ጣልቃ «ዕቃዋ እሷ ናት፤ ተሸክሜ ያኖርኳት እኔ ነኝ» ይላል። እኔም ዞር ሳልል «አሁን ገና እውነት ተናገርክ» እለዋለሁ። ይህን ያዢልኝ፤ ከዚህ ሌላ የምነግርሽ የለም።

ፊልሙ ከዚህ ከተማ ሲጨርስ በየከተማው ይዞራል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ እናንተ ዘንድ ይደርሳል ብለውኛል። ቀደም ብለሽ ግቢና መሃል ላይ ተቀመጪ፤ ፊት ከሆንሽ ፊቴ እላይሽ ላይ ይወድቅብሻል፣ ኋላ ከሆንሽ ደግሞ መነጽርሽ አይበቃም። እትዬ መወርወሪያንና የማሽን ጓደኞችሽን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ፤ እናንተ የምታነቡትን ሌላው እየሰማ እንኳ አይቀድማችሁም። ወንድሜ ግን ከአጠገብሽ እንዳይቀመጥ! መጨረሻው ረድፍ ላይ ብቻውን ይሳቅ። እጅሽን ነካ አድርጎ «እማዬ፣ እንዲህ አለች» ቢልሽ ፊትሽን አዙሪበት፤ ያሳደገችህ እህትህ አዛኛለች በይው።

ሌላም ወሬ አለኝ፤ ዳይሬክተሩ ሁለተኛ ፊልም እንድንሠራ ጠይቆናል። «ጠይቆናል» የምልሽ አሁን ሁለታችንንም ስለሆነ ነው፤ በዚህኛው ሶፋ የሚባል ነገር አልተነሳም። የእሑዱ ሬዲዮም አልቀረም። ሬዲዮ ላይ ከንፈሬን እንደ ድሮው እንደልቤ አንቀሳቅሰዋለሁ፤ ለእሱም እረፍት ያስፈልገዋል።

በይ እንግዲህ፤ ወንድሜን ሁለት ጉንጩን ስሚልኝ፤ ሬዲዮ ሲሰማ አፉን እንዳያጣምም ምከሪልኝ፤ ቢያጣምምም እወደዋለሁ። ሚስቱን፣ ያቺን ታጋሽ፣ ከእሱ ሳቅ ጋር ስለኖረችልን አመስግኚልኝ። ትንሿን አቶ ጣልቃ «ጥርስሽ ካልበቀለ ከእኔ እንጨት አበድርሻለሁ» ብሏል በያት። እትዬ መወርወሪያን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ፤ ፊልሙን አይተው ሲወጡ ወሬውን ለሠፈሩ እንደሚያደርሱልኝ እተማመናለሁ፤ ከጋዜጣ የሚፈጥኑት እሳቸው ናቸው። ከፋብሪካው የቀሩትን ሁሉ በየተራ አፋቸውን እያየሽ ሰላም በይልኝ።

አንቺ ደግሞ እማዬ፣ ፊልሙን ካየሽ በኋላ ራስሽ ጻፊልኝ፤ በወንድሜ አታስጽፊ። ያላነበብሽው ቦታ ካለ «እዚህ ጋ አልደረሰኝም» በይኝ፤ ያላሳቀሽ ካለም ልጄ ይከፋታል ብለሽ አትሸፋፍኚልኝ። ሰው ሁሉ ስቆልኛል፤ አንቺ ግን እስከ ዛሬ የሳቅሽልኝ በሰው ሳቅ ነው። በራስሽ የሳቅሽው የቱ ቦታ ላይ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ፤ ያን ቀን ነው ሥራ ያዝኩ የምለው።

የምትወድሽ ልጅሽ፣
ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሬዲዮ መልስ